የጓሮው ጉድጓድ ፈቃድ

እኔ ሰው በቀላሉ አላምንም። ባለቤቴ፣ "አንቺ እኮ እንደምን አደርሽ ያለሽን ሰው ሁሉ ማስረጃ አቅርብ ትያለሽ" እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ! እሱ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁለትና ሁለት ትናንትም ዛሬም አራት የሚሆንበት የተባረከ ሥራ አለው። እኔ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ነኝ። ሰዎች ከመሥሪያ ቤታችን "ይህ ሰነድ ይሰጠን" ብለው ሲያመለክቱ ማመልከቻውን የማየው እኔ ነኝ። ተከልክለው ሲከሱን ደግሞ ፍርድ ቤት ቆሜ መሥሪያ ቤቱን የምከላከለውም እኔው ነኝ። እዚህ ሥራ ላይ የከረመ ሰው የልጁንም የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት አገላብጦ ማህተሙን ያያል። እኔ አይቻለሁ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ላፍቶ አካባቢ ያለ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ ነው ካልኩ ይበቃል። የእኔ መስኮት በሩን ከላይ ያያል። ማን ከማን መኪና ወረደ፣ ማን ከማን ጋር ሻይ ጠጣ፣ የትኛው ደላላ የትኛውን ሠራተኛ አቅፎ ሳመ፣ ሁሉም ከወንበሬ ሳልነሳ ይታየኛል። ይህን ሁሉ እያዩ ሰውን ማመን አይቻልም፤ እኔ ቢያንስ አልቻልኩም።

ደላሎች ደግሞ ራሳቸው አይመጡም። ሰነድ ሲፈልጉ የሚያሳዝን ሰው ይልካሉ። ክራንች የያዘ ሽማግሌ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች እናት። እኛ አንጀታችን ይርሳል፣ ኮፒው ይወጣል፣ ከዚያ የሆነ ሰው ይዞታ ላይ ሌላ ሰው አጥር ሲያጥር እንሰማለን። በጀማሪነቴ ተሸውጄ ስለማውቅ የሚያሳዝን ሰው በሬ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የማየው ከኋላው ማን እንዳለ ነው።

ሴትየዋ የመጣችው ሚያዝያ ላይ ነው። ከመካኒሳ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ፈገግታዋ ቶሎ የሚመጣ እናት። ባሏ የሞተባት፣ በቤቷ ፊት ለፊት በኩል ሳሙናና ስኳር የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ ያላት መሆኗን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው አልወድም።

"ልጄ፣ ከጓሮዬ ያለው ጎረቤቴ ፎቅ ሊሠራ ጉድጓድ አስቆፍሯል፤ እስከ ግድግዳዬ ሥር ድረስ መጥቷል" አለችኝ። "የፈቃዱን ወረቀት አሳዪኝ። መሐንዲስ አይቶት ይሆን አይሆን ማወቅ ፈልጌ ነው።"

"ሊከሱት ነው?"

"ኧረ ጎረቤቴ ነው! ምን ብዬ እከሰዋለሁ?"

"ታዲያ ወረቀቱ ምን ያደርግልዎታል?"

"ልጄ የመጀመሪያዋን ነፍሰ ጡር ናት። ክረምት ሲገባ ትወልዳለች። እኔ ቤት መጥታ ነው የምትታረሰው፤ ያለኝ ክፍል ደግሞ ያው የጓሮው ነው። መሐንዲስ ካየው አስተኛታለሁ። ካላየው ደግሞ ትቅር፣ እዚያው ባሏ ጋ ለቡ ሄጄ አርሳታለሁ። ይኸው ነው።"

ይኸው ነው! አፌን ያዝኩ። ይሄን ያህል ዓመት በሥራው ላይ ስቆይ ለመክሰስ፣ ለመሸጥ፣ ለማስፈራራት፣ የወንድሙን ድርሻ ለመብላት ሰነድ የጠየቀ አይቻለሁ። ልጁን የት እንደሚያስተኛ ለመወሰን ማህደር የጠየቀ ግን አላየሁም። በልቤ፣ "ይህቺስ ጎበዝ ናት፤ ማን ይሆን ያሠለጠናት?" አልኩ።

"ማን ልኮዎት ነው?" ብዬ ጠየቅኳት ፊት ለፊት።

"ማን ይልከኛል? ወላሂ በራሴ እግር ነው የመጣሁት!"

የማለልኝን ሰው ካልማለው የበለጠ እጠረጥራለሁ። የሆነ ሆኖ ሕጉ ሰነድ የጠየቀን ሰው ምክንያትህ ምንድነው ብለህ አትከልክለው ይላልና ማመልከቻዋን ተቀብዬ ወደ ማህደር ቤት መራሁት። እሷም መርቃኝ ሄደች። ስትወጣ በመስኮት ተከተልኳት። ማንም አልጠበቃትም፤ ብቻዋን መንገድ ተሻግራ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመች። ይሄም አላሳመነኝም። ጎበዝ ደላላ በር ላይ አይጠብቅም።

ማህደር ቤቱን የያዙት ጡረታ የደረሱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ናቸው። ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ሽንት ቤት ሲሄዱም አብሯቸው ይሄዳል። በጎረቤትየው ስም ፈለጉና "የለም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የለም ማለት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው ወይስ ገብቶ ወጥቷል?"

"የለም ማለት የለም ማለት ነው፣ ልጄ። እኔ ያለውን ነው የማውቀው።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው። ስልኩ ደግሞ አዲስ፣ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ። ልቤ ወዲያው እዚያ ላይ ተተከለ። በማህደር ቤት ደመወዝ እንዲህ ያለ ስልክ ከየት ይመጣል? እኛ ቤት የጠፋ ማህደር ሁሉ "ለሥራ ወጥቷል" ነው የሚባለው፤ ለማን ሥራ እንደወጣ ግን አይነገርም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየውን ተከታተልኳቸው። ደረጃ ላይ ቆሜ ስልክ ሲያወሩ አዳመጥኩ። ምሳ የት እንደሚበሉ አየሁ። አንድ ቀን በሹክሹክታ "ላኪልኝ፣ ዛሬውኑ ላኪልኝ" ሲሉ ሰማሁና እጅ ከፍንጅ ያዝኩ ብዬ በደስታ ልሞት ነበር። ለካ ዱባይ ያለችው ልጃቸው ናት፤ ስልኩንም የላከችው እሷ ናት፣ እንድትልክላቸው የፈለጉትም የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ነው። ይህን የነገረችኝ ተላላኪያችን ናት። እሷንም አላመንኳትም ነበር፣ በኋላ ፎቶውን ራሳቸው እስኪያሳዩኝ ድረስ።

ሜዳ ወጥተው ግንባታ የሚቆጣጠሩትን ልጆች ጠየቅኳቸው። የጓሮውን ጉድጓድ አይተውታል፤ ሪፖርታቸውም "ፈቃድ ያለው" ይላል።

"ፈቃዱን አያችሁት?" አልኩ።

"ታፔላ አለው፤ ታፔላው ላይ ቁጥር አለው" አለኝ አንዱ።

"ቁጥሩንማ ማንም ይጽፈዋል። ፈቃዱን አያችሁት ወይ ነው የምልህ።"

"ቁጥር አለው እኮ ነው የምልሽ!"

አሠራራቸው ይኸው ነው። ግንባታው በር ላይ የቆርቆሮ ታፔላ ከቆመ፣ ታፔላው ላይ የፈቃድ ቁጥር ከተጻፈ፣ ቁጥሩን ሪፖርታቸው ላይ ገልብጠው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ወደ ማህደር ቤት መጥቶ ይህ ቁጥር የማን ነው የሚል የለም። እነሱ ማህደር ቤቱ ያውቀዋል ብለው፣ ማህደር ቤቱ ደግሞ እነሱ አይተውታል ብሎ፣ ሁሉም ተማምኖ ይተኛል። እኔን ጠርጣራ የሚሉኝ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲህ ነው የሚተማመኑት።

ሴትየዋ መልስ ስታጣ ከሰሰችን። ክሱን በነጻ የጻፉላት የሕግ ተማሪዎች ናቸው። አጻጻፉ ያምራል፤ አንቀጾቹ በቦታቸው ናቸው። እኔ ግን "ከጀርባ ሰው አለ" ያልኩት ክሱ ስላማረ ነው። አለቃዬ አስጠራኝና ገና ስገባ ወንበር ሳብ አድርጎ ሰጠኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ በጣም ትሑት ሰው ነው። ወንበር የሚስብልኝን አለቃ እጠረጥራለሁ።

"ማህደሩ እየተፈለገ ነው ብለሽ ቀጠሮ ጠይቂ" አለኝ። "ምን ቸገረን? ጊዜ አለን።"

ጠየቅኩ፤ ተሰጠኝ። መንግሥት ቀጠሮ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። ሴትየዋ ችሎት ውስጥ እጇን አጣምራ ቆማ ሰማች። ስንወጣ ኮሪደር ላይ ደረሰችብኝና "ልጄ፣ ሰኔ መጨረሻ ነው ያሉት? ያኔማ ልጄ ልትመጣ ደርሳለች" አለችኝ። ቀጠሮው ከዚያም አንዴ ቢገፋ ፍርድ ቤቱ ለክረምት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ጥቅምት ነው። በጥቅምት ደግሞ ዝናቡም ቆሟል፣ ሕፃኑም ተወልዷል፣ የሚሆነውም ሆኗል። ይህን እሷም አውቃዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ወንበር የሚስበው አለቃዬም ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ መካኒሳ ሄድኩ። አዝኜላት እንዳይመስላችሁ። ልይዛት ነው የሄድኩት። ቤት የሚባል ነገር አላት ወይ? ነፍሰ ጡር ልጅ የምትባለዋስ አለች ወይ? ከብስራተ ገብርኤል ታክሲ ተሳፍሬ፣ ሰው እንዳያውቀኝ ነጠላ ተከናንቤ ወረድኩ። ምን ዋጋ አለው! ገና ወደ ሰፈሯ ስታጠፍ ከሱቋ መስኮት አየችኝና "ውይ ልጄ መጣሽ!" ብላ ሳሙናውንም ደንበኛውንም ጥላ ወጣች። እንዲህ ስትል ያየ ሰው የጠበቀችኝ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እግዚኦ! ጉድጓዱ ፎቅ የሚውጥ ነው። ጥቁሩን አፈር እንደ ዳቦ ቀጥ አድርገው ቆርጠውታል፤ የእሷ ክፍል ግድግዳ ከአፋፉ ላይ ነው የቆመው። አንድም እንጨት አልተደገፈለት፣ አንድም ብረት። ከታች ትናንት የዘነበው ውኃ አቁሯል። ክፍሏ ውስጥ ስንገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። ኖራ ተቀብቶ፣ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ አልጋው ላይ አዲስ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ ጥግ ላይ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ተደፍቶ።

"ይቺን ክፍል በብሎኬት ያስገነባኋት ለዚህ ለዚህ ብዬ ነው" አለችኝ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች።

እኔ ምን አሰብኩ? ይሄም ለእኔ ተብሎ የተሰናዳ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ሳፋ መድፋት፣ መጋረጃ መስቀል ምን ይከብዳል? እንዲህ ነኝ። ስወጣ ዞሬ በፊት ለፊት በኩል ወደ ጎረቤትየው በር ሄድኩና ታፔላውን አየሁት። የባለቤት ስም፣ የሕንፃው ዓይነት፣ የፈቃድ ቁጥር። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ሰኞ ጠዋት ለማህደር ቤቱ ጋሼ ስም ሳልነግራቸው ቁጥሩን ብቻ ሰጠኋቸው። ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ ማህደሩን ይዘው መጡ። ገለጥኩት። ባለፈቃዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሴትየዋ! የራሷ ስም፣ የራሷ ቤት፣ የዚያችው የጓሮ ክፍል የእድሳት ፈቃድ። ጎረቤትየው ታፔላ ላይ የተጻፈው ቁጥር የእሷ የብሎኬት ክፍል ቁጥር ነው።

ደሜ ፈላ። "ያዝኳት!" አልኩ ጮክ ብዬ። ቁጥሯን ሸጣለታለች፣ አሁን በክፍያው ተጣልተው ነው እኛ ላይ የመጣችው፤ ነፍሰ ጡሯም ሳፋውም ድራማ ነው። ሮጬ ለአለቃዬ ነገርኩት። ወንበር ሳበልኝ። ማህደሩን አገላበጠው፣ ፈገግ አለ።

"በጣም ጥሩ። እንግዲህ መልሳችን ቀላል ነው። ታፔላው ላይ ባለው ቁጥር የተሰጠው ፈቃድ የራሷ የከሳሿ ነው፣ ዋናው እጇ ላይ ነው፣ ስለዚህ ክሱ ይዘጋ በይ። አለቀ።"

እውነትም አለቀ። አንድም ቃል ሐሰት የለበትም። ዳኛዋ ትቀበለዋለች፣ መዝገቡ ይዘጋል፣ እኔ እረታለሁ። መርታት ደግሞ እወዳለሁ፤ ይህን የምደብቀው ነገር አይደለም። ወደ ቢሮዬ ስመለስ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ሰውየው አልደነገጠም። የአንድ ክፍል እድሳት ቁጥር ፎቅ ሕንፃ በር ላይ መለጠፉን ስነግረው እንዴት እዚያ ደረሰ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ብሆን ወንበሩን ገልብጬ ነበር የምነሳው። የማይጠይቅ ሰው ወይ ያውቃል፣ ወይ ማወቅ አይፈልግም። ሁለቱም ደስ አላሉኝም።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ችሎቱ በር ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"የክፍልዎትን የእድሳት ፈቃድ ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?"

"አዎ፣ ለሰፈር ሰው ሁሉ!" አለችኝ ዓይኗን ሳታሽ። "እኔ እኮ ስንት ተመላልሼ፣ እግሬ እስኪቀጥን ሄጄ ነው ያወጣሁት። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚያድስ ሰው ሁሉ ወረቀትሽን አሳዪን፣ እንዴት እንደሚጻፍ እንይ ይለኛል። ናሙና ነው።"

"ለጓሮው ጎረቤትም?"

"ለእሱም። ወሰደው፣ በማግስቱ ከሙዝ ጋር መለሰልኝ። ምነው?"

ታፔላው ላይ ያለው ቁጥር የእሷ መሆኑን ነገርኳት። ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ "ኧረ እሱ እንዲህ አያደርግም! ወረቀቱን የሚያስጨርስለት ጉዳይ አስፈጻሚ ይሆናል፤ እሱ ምስኪን ነው።"

ቆሽቴ አረረ። "ምስኪን? የግድግዳዎትን ሥር ቆፍሮ አንጠልጥሎታል እኮ!"

ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው። ከዚያ ክንዴን ያዘችና፣ "ታዲያ ልጄ፣ መሐንዲስ አይቶታል አላየውም?" አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ብዙ ሰው መርምሬያለሁ። የሚዋሽ ሰው ነገሩ ሲገለጥበት የሚፈልገውን ይቀይራል፤ ካሳ ይላል፣ ስሜ ጠፋ ይላል፣ እናንተንም እከሳለሁ ይላል። ይህቺ ሴት ከሚያዝያ ጀምሮ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ። አመንኳት አልልም፣ በአንድ ጊዜ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም። ግን መጠርጠሬን እሷ ላይ ማዋሉ ታከተኝ።

ተጠራን። ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ፣ የተጠየቀው ሰነድ አለ ወይስ የለም? ዛሬ ሌላ ቀጠሮ አልሰጥም።"

ሁለቱም መልሶች ምላሴ ላይ ነበሩ። የአለቃዬ መልስ ተጽፎ በፋይሌ ውስጥ ነው፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ፋይሉን ዘጋሁት።

"ክብርት ዳኛ፣ ለዚህ ሕንፃ በመሥሪያ ቤታችን የተሰጠ ፈቃድ የለም። ታፔላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከሳሿ የጓሮ ክፍላቸውን ሲያድሱ የተሰጣቸው ነው።"

"ስለዚህ ጉድጓዱን መሐንዲስ መርምሮ ያጸደቀው ነገር የለም ማለት ነው?"

"የለም።"

ትደሰታለች ብዬ ወደ ሴትየዋ ዞርኩ። ፊቷ አመድ መስሏል። እጇን አፏ ላይ ጭና "ያ አላህ" አለች። ከዚያ ዳኛዋን፣ "እመቤቴ፣ ወጣ ብዬ ስልክ ልደውል? ልጄ ዛሬ ልትመጣ ዕቃዋን እየጫነች ነው" አለቻት። ዳኛዋም በእጇ ወደ በሩ ጠቆመቻት። ሴትየዋ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ በጉራጊኛ ስትጮህ እኛ ውስጥ ሆነን እንሰማለን። ቋንቋውን አልችልም። አትምጪ፣ አትምጪ እንደምትል ግን ማንም ይገባዋል።

ግንባታው እንዲቆምና የሰጠሁት ቃል በጽሑፍ እንዲደርሳት ታዘዘ። ቢሮ ስመለስ አለቃዬ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ማን አዘዘሽ?" አለኝ፤ ድምፁ አሁንም ዝቅ ያለ ነው።

"ተጠየቅኩ፣ መለስኩ።"

ከዚያ ወዲህ ሰላም እንባባላለን። ያውቅ ነበር ወይስ ማወቅ አልፈለገም? እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ከመስኮቴ ሆኜ እሱንም አያለሁ፤ ከማን መኪና እንደሚወርድ። እሱም እንደሚያየኝ አውቃለሁ።

ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ የሚያባራ አልሆነም። አንድ ጠዋት ስልኬ በማላውቀው ቁጥር ጮኸ። የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም። ደጋግሞ ሲጮህ አነሳሁት፤ ሴትየዋ ናት። ቁጥሬን ከማህደር ቤቱ ጋሼ ነው ያገኘችው።

"ልጄ፣ እስቲ ነይና እዪ" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አላለችም።

ይኸው መጣች አልኩ። አሁን ምስክር ሁኚኝ ልትል ነው፣ አዲስ ክስ ጻፊልኝ ልትል ነው። በመንገዴ ሁሉ "አይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቀድልኝም" የሚለውን እያዘጋጀሁ ሄድኩ።

የጓሮው ግድግዳ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድ አፈሩ ከሥር ተንዶ ግድግዳውንም የወለሉንም ግማሽ ይዞት ወርዷል። ከላይ ቆርቆሮው ተንጠልጥሏል። አልጋው ጉድጓዱ ውስጥ፣ ጭቃና ብሎኬት ሥር ነው፤ አንዱ እግሩና የአዲሱ ብርድ ልብስ ጫፍ ብቻ ይታያል። የሰፈሩ ሰው ዣንጥላ ይዞ ተሰብስቧል። እሷ ራሷ ፊት ለፊት ሱቋ ውስጥ ስለተኛች ምንም አልሆነችም።

"ምን ልጻፍልዎት?" አልኳት።

"ምን ትጽፊልኛለሽ? ምንም። እንድታዪው ነው የጠራሁሽ።" ወደ አልጋው ጠቆመችኝ። "መጥታ ቢሆን ኖሮ ልጄ በዚያች ሰዓት እዚያ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባት ነበር።"

እንባዬ መጣ። እኔ በሰው ፊት አላለቅስም፤ የአባቴ ቀብር ላይ እንኳን መነጽር አድርጌ ነው የቆምኩት። እዚያ ግን የማያውቀኝ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ዝናብ እየመታኝ አለቀስኩ። አንዲት ጎረቤት ጠጋ አለችና "ዘመድዎ ናት?" ብላ ሴትየዋን ጠየቀቻት።

"የለም፣ ችሎት ላይ የተከራከረችኝ ሴት ናት" አለቻት። ጎረቤትየዋ ግራ ገብቷት ሁለታችንን እያፈራረቀች አየች።

ሴትየዋ ወደ ለቡ አጥሚት ይዛ ልትሄድ ነበርና ፔርሙሱን አስያዘችኝ፤ አብሬ እንድሄድ ጠየቀችኝም አልጠየቀችኝም ብቻ ታክሲው ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ልጇ ከባሏ ጋር የምትኖርበትን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ወጣን። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ የፊቷ እብጠት ገና አልወረደም። እናቷ "እንግዳ ይዤልሽ መጣሁ" ብላት አጥሚቱን ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ነጠላዬ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምን ብዬ ራሴን እንደማስተዋውቅ አላውቅም፤ ማንነቴን ስትጠይቀኝ የምመልሰውን እየፈለግኩ ነው።

አልጠየቀችኝም። "ግቢ እንጂ፣ ያዥልኝ" ብላ ሕፃኗን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።